ደበሎ፣ ለምድና የውጭ ካፖርት፦ ፀጉራም ቆዳ መልበስ በኢስላም እንዴት ይታያል?

 

ሰቆጣና ዙሪያዋ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በደጋው የዋግ ኽምራ ቀበሌዎች ሌሊቱና ማለዳው ይበርዳል። እረኛው ከጎህ በፊት ሲወጣ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው ደበሎ የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ ነው። ቤት ውስጥ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ አንዳንዱም የሚሰግድበት አጎዛም እንዲሁ። ከዚህ ጎን ደግሞ በልባሽ ጨርቅ ንግድ አንገቱ ወይም ኮፍያው ፀጉር ያለው የውጭ ካፖርት ገበያ ላይ ይወጣል።

ትምህርት ቤት ሳስተምር ተማሪዎች ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ይህ ደጋግሞ ይመጣ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ በደበሎ መስገድ ይቻላል? በጉን ያረደው ማን እንደሆነ ባናውቅስ? ሰልባጅ ጃኬቱ ላይ ያለው የውሻ ወይም የአሳማ ፀጉር ቢሆንስ?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የሶላትን ትክክለኛነት፣ የድሃን ልብስ፣ የእንስሳን ነፍስ ይነካል። በዚህ ጽሑፍ መሠረታዊ ነጥቦቹን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. መሠረቱ፦ ቆዳና ሱፍ የአላህ ጸጋ ናቸው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ነሕል መጀመሪያ አካባቢ፣ በአንቀጽ 5፣ የቤት እንስሳትን ለሰው እንደፈጠረና በእነርሱ ውስጥ ሙቀትና ሌሎች ጥቅሞች እንዳሉ ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ አንቀጽ 80 ላይ ከእንስሳት ቆዳ ድንኳን፣ ከሱፋቸው፣ ከፀጉራቸውና ከጠጉራቸው ደግሞ የቤት ዕቃና መጠቀሚያ ማድረጉን ከጸጋዎቹ ይቆጥራል። ስለዚህ የእንስሳን ቆዳና ፀጉር ለሙቀት መጠቀም በራሱ የሚያሳፍርም የሚከለከልም ነገር አይደለም።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) በሚያወሩት፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ቅቤ፣ ስለ አይብና ስለ ፀጉራም ቆዳ ተጠይቀዋል። መልሳቸው ሐላል ማለት አላህ በመጽሐፉ የፈቀደው፣ ሐራም ማለት በመጽሐፉ የከለከለው እንደሆነና ዝም ያለው ነገር ደግሞ ይቅርታ ውስጥ እንደሚገባ የሚገልጽ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት በዘገባው ሰንሰለት ላይ ተነጋግረዋል፤ ብዙዎቹ የሰልማን የራሳቸው ንግግር መሆኑን መርጠዋል። ትርጉሙ ግን በሌሎች ማስረጃዎች የተደገፈ ነው፦ በልብስና በዕቃ ጉዳይ መነሻው መፈቀድ ነው።

2. የማይሙና በግ፦ በክት ቆዳው ይጣላልን?

በቡኻሪና ሙስሊም የተዘገበው የኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ሐዲስ የርዕሱ ዋና ማስረጃ ነው። የምእመናን እናት ማይሙና (ረ.ዐ) ነፃ ላወጧት ሴት በሰደቃ የተሰጠች በግ ሞታ ተጥላ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያልፉ አይተው ቆዳዋን ወስደው፣ አልፍተው ለምን እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። በክት መሆኗ ሲነገራቸው የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። በሌላ ዘገባ ደግሞ ውሃና የ«ቀረዝ» ቅጠል እንደሚያጠሩት ተጠቅሷል። ቀረዝ ከግራር ዘር የሆነ ዛፍ ነው፤ የእኛም አገር ቆዳ አልፊዎች የግራር ልጣጭን ያውቁታል።

ይህ ሐዲስ ለዋግ ኽምራ ሰው የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ በመቅረቱ በዞኑ ቆላማ ወረዳዎች፣ በተለይ በዝቋላ፣ በሳህላና በአበርገሌ፣ በድርቁ ብዙ ከብት፣ ፍየልና በግ አልቋል። ሀብቱ ሁሉ እንስሳ የሆነ ቤተሰብ ሥጋውን መብላት አይፈቀድለትም። ቆዳውን ግን አልፍቶ ለልብስ፣ ለስልቻ፣ ለምኝታ ቢጠቀምበት ሸሪዓው ከልካይ አይሆንበትም። «በክት ስለሆነ አይነካም» የሚለው ንግግር ልማድ እንጂ ሐዲሱ የሚለው አይደለም። እርግጥ ነው፣ በበሽታ የሞተ እንስሳ ላይ የእንስሳት ሐኪሞችን ምክር መስማት ግዴታ ነው፤ እንደ አባሰንጋ ያለው በሽታ በቆዳና በፀጉር ወደ ሰው ይተላለፋል።

3. የኢብን ወዕላ ልብስ፦ ለእኛ ሁኔታ የቀረበው ማስረጃ

ኢማሙ ሙስሊም በሶሒሓቸው ያሰፈሩት ሌላ ዘገባ አለ። አቡል ኸይር የተባሉ ታቢዒይ ዐብዱረሕማን ኢብን ወዕላ ፀጉራም ቆዳ ለብሰው አይተው ዳሰሱት። ኢብን ወዕላም ለምን እንደሚዳስሱት ጠይቀው የራሳቸውን ነገር ነገሯቸው፦ በመግሪብ ከበርበሮችና ከእሳት አምላኪዎች ጋር እንደሚኖሩ፣ እነዚያ ያረዱትን እንደማይበሉ፣ ነገር ግን ስብ የተሞላበት የቆዳ ዕቃ እንደሚያመጡላቸው ለኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) አቅርበው ነበር። ኢብን ዐባስም ይህንኑ ጉዳይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ማልፋቱ ማጥሪያው መሆኑን እንደመለሱላቸው ነገሯቸው።

ሰቆጣን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን ገበያ ያስታውሳል። በከተማዋና በዙሪያዋ ሙስሊሙ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ጎረቤቱ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው። በአገራችን ልማድ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ ቢቀመጡም ሥጋው ለየብቻ ነው። የቆዳ ገበያው ግን አንድ ነው። ደበሎ ወይም አጎዛ የሚገዛ ሙስሊም በጉን ማን እንዳረደው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የአህለል ኪታብ እርድ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። ለቆዳው ግን መልሱ ግልጽ ነው፦ በደንብ የለፋ ከሆነ ባለ እርዱ ማን መሆኑን መመርመር አያስፈልግም።

4. መዝሃቦቹ የሚስማሙበትና የሚለያዩበት

በወሎና በሰሜኑ አካባቢ የሻፊዒይና የሐነፊ መዝሃቦች ሲማሩባቸው ኖረዋል። የአራቱ መዝሃቦች አቋም ባጭሩ እንዲህ ነው፦

– በሸሪዓው መንገድ የታረደ፣ ሥጋው የሚበላ እንስሳ፦ ቆዳውም ፀጉሩም ንጹሕ (ጧሂር) ነው። ሳይለፋ እንኳ ነጃሳ አይባልም። በዚህ ላይ ልዩነት የለም።

– በሕይወት ካለ፣ ሥጋው ከሚበላ እንስሳ የተሸለተ ሱፍ፦ ንጹሕ ነው። የመንዝ ባና፣ በርኖስና የሱፍ ካባ በዚህ ይገባሉ።

– የበክት ቆዳ በሻፊዒይ መዝሃብ፦ ማልፋት ከውሻና ከአሳማ በቀር የማንኛውንም እንስሳ ቆዳ ያጠራል። ፀጉሩ ግን በመዝሃቡ በጠነከረው አቋም በማልፋት አይጠራም፤ ጥቂቱ ይቅር ይባላል። እንደ ተቂዩዲን አስ-ሱብኪ ያሉ የመዝሃቡ ሊቃውንት ደግሞ የኢብን ወዕላን ዘገባ ይዘው ፀጉሩም አብሮ ይጠራል ብለዋል።

– በሐነፊ መዝሃብ፦ ማልፋት ከአሳማ በቀር ቆዳን ያጠራል። ፀጉር፣ ሱፍና ቀንድ ሕይወት የሚዘዋወርባቸው ስላልሆኑ የበክት ቢሆኑም ንጹሕ ናቸው።

– በማሊኪ መዝሃብ በታወቀው አቋም፦ የበክት ቆዳ ቢለፋም ሙሉ በሙሉ አይጠራም፤ ለደረቅ ነገርና ለውሃ መያዣ ግን መጠቀም ይቻላል። ፀጉሩና ሱፉ በሽልታት ከተወሰደ ንጹሕ ነው።

– በሐንበሊ መዝሃብ በታወቀው አቋም፦ የበክት ቆዳ በማልፋት አይጠራም፤ ፀጉሩና ሱፉ ግን ንጹሕ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የአንድን መንደር ሽማግሌ «አይሆንም» ሲል የሌላው መንደር «ይሆናል» ቢል ሁለቱም የተማሩት ኪታብ ሊኖር እንደሚችል ነው። በዚህ ጉዳይ መነቃቀፍ አያስፈልግም። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቀላል መውጫ አለው፤ ለሶላት ጊዜ ደበሎውን አውልቆ በጋቢው ይስገድ።

5. «ማልፋት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳን በችካል ወጥሮ ፀሐይ ላይ ማድረቅ አንድ ነገር ነው፤ ማልፋት ሌላ ነው። በሻፊዒይ መዝሃብ ማልፋት ማለት ቆዳው ላይ የቀረውን ሥጋ፣ ስብና እርጥበት በሚያኮማትር ነገር ማስወገድ ነው። መለኪያው ቆዳው ኋላ ውሃ ቢነካው ተመልሶ አለመሽተቱና አለመበስበሱ ነው። የግራር ልጣጭ፣ በአንዳንድ ቦታ የእምቧይ ፍሬ፣ በፋብሪካ ደግሞ ኬሚካሎች ይህን ይሠራሉ። ፀሐይና ጨው ብቻ ግን በሻፊዒዮች ዘንድ አይበቃም። በሐነፊዮች ዘንድ ይበቃል።

ሰቆጣ በድሮ ዘመን ከአፋር የሚመጣው የአሞሌ ጨው ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ጨው ቆዳ ከመበስበስ እንደሚያቆይ ባለሞያው ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ጨው ያቆያል እንጂ ለሻፊዒዩ አያጠራም። ስለዚህ ቤት ያለው አጎዛ ከታረደ በግ ከሆነ ደርቆ ብቻም ንጹሕ ነው። ከሞተ በግ ከሆነና በፀሐይ ብቻ ከደረቀ ግን በሻፊዒይ መዝሃብ ለሶላት አይሆንም፤ ለባለሞያ ሰጥቶ ማስለፋት ነው።

6. ነብር፣ አንበሳና ለምድ

የሰሜኑ አገር ታሪክ ሌላ ዓይነት ፀጉራም ልብስም ያውቃል። የአንበሳ ጎፈርና የነብር ወይም የገሰላ ቆዳ ለምድ በዋግሹሞቹም ሆነ በሌሎች መኳንንት ዘመን የማዕረግና የጀግንነት ምልክት ነበር። የሚለበሰው ለብርድ አልነበረም፤ ለክብርና ለማስፈራት ነበር።

በዚህ ላይ ሐዲሶቹ የማያሻሙ ናቸው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ በዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአዳኝ አራዊትን ቆዳ ከልክለዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ሚቅዳም ኢብን መዕዲ ከሪብ (ረ.ዐ) ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ዘንድ ገብተው የአውሬ ቆዳ መልበስና በላዩ መጋለብ መከልከሉን በግልጽ አስታውሰዋቸዋል። ሊቃውንቱ ስለ ምክንያቱ ሲናገሩ አንዳንዶቹ ፀጉሩ ነጃሳ መሆኑን፣ ሌሎቹ ኩራትና የነገሥታትን ብልጭልጭ መከተል መሆኑን ጠቅሰዋል። ከፊሎቹ ሐራም፣ ከፊሎቹ መክሩህ ብለዋል። «ተለፍቷል» የሚለው መልስ ለበግ ይሠራል፤ ለነብር አይሠራም፣ ምክንያቱም ክልከላው ከጡሃራ ጉዳይ በላይ ነው።

የአገሪቱ ሕግም እዚሁ ላይ ይገናኛል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን፣ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝንና መነገድን ከልክሏል። ነብር በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ለንግድ ከማይፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ ነው። ጉሬዛም የዚህ ጣጣ ሰለባ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ሴቶች ፋሽን የጉሬዛን ጥቁርና ነጭ ፀጉር ይፈልግ ነበር፣ በአገራችንም የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ለጎብኚ ሲሸጥ ኖሯል። ለአንድ ምንጣፍ ብዙ ጉሬዛ ይገደላል።

7. ከልባሽ ጨርቅ የተገዛ ባለፀጉር ካፖርት

መነሻው ንጹሕነት ነው። ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከሻም የመጣ፣ እጅጌው ጠባብ የሆነ የሱፍ ጁባ ለብሰው ነበር፤ ሻም በዚያን ጊዜ የሙስሊሞች አገር አልነበረችም። ዑለሞች ከዚህ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሠራው ልብስ ነጃሳነቱ እስካልታወቀ ድረስ ንጹሕ ነው የሚለውን ወስደዋል። እርግጠኛ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም የሚለው የፊቅህ መርሕም ይህንኑ ያጠነክራል።

ይህ ማለት ዓይንን መጨፈን አይደለም። ቀላል ማጣሪያዎች አሉ፦

– ፀጉሩን ገልጠው ሥሩን ይመልከቱ። ጨርቅ ወይም ሽመና ከታየ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቆዳ ከታየ የእንስሳ ነው።

– ጥቂት ፀጉር ነቅለው ቢያቃጥሉ የእንስሳው እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ይድቦለቦላል።

– የአሳማ ቆዳ ላይ የፀጉር ቀዳዳዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በጉች ይታያሉ። ይህ ከተረጋገጠ ማልፋት አያጠራውም።

– የልብሱ ላይ ምልክት ቁርጡን የሚናገር ከሆነ ይነበብ። ለኮፍያ ጠርዝ ከሚውሉት ፀጉሮች አንዱ ራኩን ዶግ ከተባለ የውሻ ዘመድ የሚገኝ ነው፤ የሻፊዒይ መዝሃብ ተከታይ እንዲህ ዓይነቱን ጠርዝ ፈትቶ ቢያወጣው ይሻለዋል።

ምንም ምልክት ካልተገኘ ግን ወስዋስ አያስፈልግም። ልብሱ ይለበሳል።

8. ከ«ይጠራል» ባሻገር፦ የእንስሳው ነፍስ

እስካሁን ያየነው የቆዳውን ንጽሕና ነው። ሆኖም አንድ ልብስ ንጹሕ ሆኖ የተገኘበት መንገድ ግን ግፍ ሊሆን ይችላል። ሸዳድ ኢብን አውስ (ረ.ዐ) ባወሩት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አላህ በነገር ሁሉ ላይ ኢሕሳንን እንደጻፈ፣ እርድ ላይ እንኳ ቢላ ተስሎ እንስሳው እንዲያርፍ መታዘዙን እናገኛለን። ነሳኢ በዘገቡት ደግሞ ድንቢጥን ያለ ሐቋ የገደለ ሰው ይጠየቅበታል፤ ሐቋም ታርዳ መበላቷ ነው።

አሁን ሁለት ልብሶችን እናወዳድር። የሰቆጣ እረኛ ደበሎ የተገኘው በሜዳ ሲግጥ ኖሮ፣ ለሥጋው ከታረደ በግ ነው። በጉ ባይታረድለት ኖሮ ለደበሎው ሲባል አይሞትም ነበር። የሚንክ ካፖርት ግን የተገኘው በጠባብ የሽቦ ጎጆ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ከታሰረ፣ በጋዝ ከተገደለና ለፀጉሩ ሲባል ብቻ ከተወለደ እንስሳ ነው። አንድ ካፖርት በአሥር የሚቆጠሩ ሚንኮች ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና በሚንክ እርባታዎች ሲዛመት ዴንማርክ ከ15 ሚሊዮን ያላነሱ ሚንኮችን አስወገደች፤ ዓለም የዚህን ኢንዱስትሪ ስፋት ያየው ያኔ ነው። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ሕግ እርባታውን ከልክለዋል።

ወቀሳው ለሌላው ብቻ አይደለም። በመካከለኛው እስያና በአፍጋኒስታን ሙስሊሞች ዘንድ የተከበረው የቀረቁል ቆብ ፀጉሩ የሚያምረው ጠቦቱ ከተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲታረድ ነው፤ አንዳንዱም ከመወለዱ በፊት ይወሰዳል። እርዱ በቢስሚላህ ቢሆንም «ይህ ኢሕሳን ነውን?» ብሎ መጠየቅ የሙስሊም ድርሻ ነው።

በእኔ እምነት አንድ ሙስሊም ለጌጥ ሲል አዲስ የእርባታ ፀጉር ካፖርት ባይገዛ ለዲኑ የቀረበ ነው። ብርድ ያስጨነቀው ሰው ገበያ ላይ ያገኘውን ያገለገለ ካፖርት ቢለብስ ግን ነቀፋ የለበትም። የመጀመሪያው የሚከፍለው ገንዘብ ጎጆውን ያሠራል፤ የሁለተኛው ብርዱን ያስታግሳል።

9. የዐረፋ ቆዳ የት ይሄዳል?

በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ወድቆ በበዓላት ማግስት ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ማየት ተለምዷል። የባቲ የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ ስም ያለው፣ ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ ያላት፣ እንዲህ ያለ አገር ውስጥ! ለሙስሊሙ ነገሩ ይብሳል፤ የኡዱሒያ ቆዳ የዒባዳው አካል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐሊይን (ረ.ዐ) የመሥዋዕት ግመሎቻቸውን ሥጋም ቆዳም ሰደቃ እንዲያደርጉና ለአራጁ ከእርሱ ላይ ደመወዝ እንዳይከፍሉ አዝዘዋል። ስለዚህ፦

– ቆዳውን ለአራጁ በደመወዝ መስጠት አይቻልም፤ የእጁን ዋጋ ከኪስ ይከፈለው። በስጦታ ወይም በሰደቃ ግን ሊሰጠው ይችላል።

– ባለቤቱ ቆዳውን ሸጦ ገንዘቡን ለራሱ አያደርግም። በሐነፊ መዝሃብ በገንዘብ ከተሸጠ ገንዘቡ ለሰደቃ ይሆናል።

– አልፍቶ ለቤት ቢገለገልበት ወይም ለድሃ ቢሰጠው ይፈቀዳል።

ቆዳው ሲገፈፍ በቢላ እንዳይቀደድ፣ ሳይውል ሳያድር ጨው እንዲነሰነስበት፣ በጥላ እንዲደርቅ ማድረግ ከባድ አይደለም። በየመስጊዱ ጥቂት ወጣቶች ቢያስተባብሩ የአንድ ዐረፋ ቆዳ ለብዙ ተፈናቃይና እረኛ ቤተሰብ የምኝታ አጎዛ ይሆናል።

10. ቆዳ የሚያለፋውን ማክበር

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ደበሎውን እየለበስን ያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያልን እንንቃለን፤ አንዳንዱም በቡዳነት ይጠረጥረዋል፣ ልጁን አይድርለትም። ይህ ከኢስላም አይደለም። የምእመናን እናት ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በእጃቸው ቆዳ እያለፉና እየሰፉ ያገኙትን ሰደቃ ያደርጉ ነበር። ሌላዋ የምእመናን እናት ሰውዳም (ረ.ዐ) የሞተች በጋቸውን ቆዳ አልፍተው እስኪያረጅ መጠቀማቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የእናቶቻችንን ሥራ የሚሠራን ሰው መናቅ እናቶቻችንን እንደመናቅ ነው።

ማጠቃለያ

የበግና የፍየል ቆዳ ከነፀጉሩ መልበስ የተፈቀደ ነው። የታረደ ከሆነ ያለ ማልፋትም ንጹሕ ነው፤ ያልታረደ ወይም ያልታወቀ ከሆነ ማልፋት ቆዳውን ያጠራዋል፣ በፀጉሩ ላይ የመዝሃቦቹ ልዩነት ይታያል። የአውሬ ቆዳ ይራቃል። የአሳማ ቆዳ አይጠራም። ያልታወቀ የሰልባጅ ካፖርት በመነሻው ንጹሕ ነው። እንስሳን ለጌጥ ብቻ ማሠቃየት ከኢሕሳን ይጋጫል። ደበሎ ለብሶ መስጊድ የሚመጣው እረኛም ከፊት ሰልፍ ቢቆም የሚከለክለው የለም፤ አላህ የሚመለከተው ልባችንንና ሥራችንን ነውና።

ወላሁ አዕለም።